መንፈስ አለበት በሚባል ሆቴል ማደር

መንፈስ አለበት የሚባል ሆቴል ከሌሎች አሮጌ ሆቴሎች የሚለየው በሚወራለት ነገር ነው። ዕድሜ የጠገበ ሕንፃ በየከተማው ሞልቷል፤ መቶ ዓመት በቆመ ቤት ውስጥ ደግሞ ሰው ሳይሞት አይቀርም። ከእነዚህ ሁሉ «በዚህ ክፍል ሌሊት ኮቴ ይሰማል» የሚባልላቸው ግን ጥቂቶች ናቸው። እንግዳው ገና ሻንጣውን ሳያስቀምጥ ወሬው ጆሮው ይደርሳል፤ መብራት ካጠፋ በኋላም ያ ጆሮ ከወትሮው በላይ ነቅቶ ያድራል። የዚህን ሌሊት ነገር ለመረዳት ወሬው የተወለደበትን መንገድ፣ አሮጌ ሕንፃ ሲመሽ የሚያሰማውን ድምፅና የሰው አካል በማያውቀው አልጋ ላይ የሚሆነውን ማየት ያስፈልጋል።

በዓለም ላይ በዚህ ረገድ ስሙ አብዝቶ የሚነሣው በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት፣ ኤስተስ ፓርክ በተባለች የተራራ ከተማ ያለው ስታንሊ ሆቴል ነው። ያሠራው ፍሪላን ስታንሊ ከመንታ ወንድሙ ጋር በእንፋሎት የሚሄድ መኪና እየሠራ የበለጸገ ሰው ነበር። የሳንባ ነቀርሳ ይዞት እ.ኤ.አ. በ1903 ለአየሩ ሲል ወደዚያ ተራራ ወጣ። ጤናው ተመለሰለት፤ ቦታውንም ወደደውና በ1909 ትልቁን ሆቴል ከፈተ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በጁን 1911፣ መብራት በጠፋበት ምሽት አንዲት የክፍል አስተናጋጅ እሳት ይዛ ወደ 217 ቁጥር ክፍል ገባች። ክፍሉ ውስጥ የመብራት ጋዝ አምልጦ ተጠራቅሞ ኖሮ ፈነዳ፤ ወለሉ ተደርምሶ ሴትዮዋ ከታች ወዳለው የምግብ አዳራሽ ወደቀች። እግሯ ተሰበረ እንጂ አልሞተችም። ዛሬ በዚያ ክፍል ሌሊት የእንግዶችን ልብስ እያጣጠፈች ታስተካክላለች የሚባለው እሷ ናት። የመንፈስ ወሬ ከሞት ጋር ብቻ እንደማይያያዝ ይህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ሰዎች ያስታወሱት አደጋውን ነው፤ አደጋው ቦታ ነበረው፤ ቦታውም ቁጥር ተጽፎበታል።

ያንን ቁጥር ዓለም እንዲያውቀው ያደረገው ግን አንድ ደራሲ ነው። እስጢፋን ኪንግ በ1974 መጸው ከሚስቱ ጋር ስታንሊ ሆቴል ገብቶ አደረ። ሆቴሉ ለክረምቱ ሊዘጋ ተቃርቦ ስለነበር ከእነሱ በቀር እንግዳ አልነበረም ማለት ይቻላል። በባዶው አዳራሽ ራታቸውን በሉ፤ ወንበሮቹ ከጠረጴዛ ላይ ተሰቅለዋል፤ ኮሪደሩ ረጅምና ጭር ያለ ነው። የተኙት 217 ቁጥር ነበር። ኪንግ ሌሊት ትንሹ ልጁ በዚያ ኮሪደር የእሳት ማጥፊያ ቱቦ ሲያሳድደው በሕልሙ አይቶ በላብ ተጠምቆ ነቃ። ሲጋራ ለኩሶ በመስኮት ወደ ተራራው ሲመለከት የታሪኩ አጥንት በአእምሮው እንደተገጣጠመ ከጊዜ በኋላ ተናግሯል። «ዘ ሻይኒንግ» የተባለው ልቦለድ በ1977 ታተመ፤ በስታንሊ ኩብሪክ የተዘጋጀው ፊልም በ1980 ወጣ። ፊልሙ የተቀረጸው በሌላ ቦታ ቢሆንም እንግዶች ሌሊቱን ለመቅመስ የሚጎርፉት ወደ ኤስተስ ፓርክ ነው። ኪንግ በዚያ ሌሊት ያየው ሕልም እንጂ መንፈስ አለመሆኑ ሊታወስ ይገባል። አንድ ሰው በባዶ ሆቴል ያየው ቅዠት ለሌሎች ሺህ ሰዎች ሌሊት መነሻ ሆነ።

በካሊፎርኒያ ባሕር ዳርቻ በ1888 የተከፈተው ሆቴል ዴል ኮሮናዶ ደግሞ ሌላ ዓይነት ታሪክ አለው። በኖቬምበር 1892 አንዲት ወጣት ሴት ብቻዋን መጥታ በሐሰት ስም ተመዘገበች፤ ከአምስት ቀን በኋላ ወደ ባሕሩ በሚያወርደው ደረጃ ላይ ሞታ ተገኘች። እውነተኛ ስሟ ኬት ሞርጋን እንደሆነ የታወቀው ከብዙ ማጣራት በኋላ ነው። የለንደኑ ላንግሃም ሆቴልም በ1865 የተከፈተ ሲሆን 333 ቁጥር ክፍሉ በተመሳሳይ ወሬ ይታወቃል። ከኬት ሞርጋን ታሪክ ጎልቶ የሚታይ አንድ ነገር አለ። በሆቴል ታሪክ ውስጥ የሚመላለሰው መንፈስ አንዳንዴ ከዘመድ ርቆ የሞተ፣ ማንነቱም በቀላሉ ያልታወቀ እንግዳ ነው። ሆቴል ሰው ስሙን ጽፎ የሚገባበት፣ በነጋታው የሚረሳበት ቤት ነው። በአልጋው ላይ ትናንት ማን እንደተኛ ዛሬ የሚተኛው አያውቅም፤ ወሬው የሚበቅለው ከዚህ ክፍተት ነው።

እንዲህ ያለው ወሬ በገንዘብም ይተመናል። እ.ኤ.አ. በ1991 በኒው ዮርክ አንድ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ ባለቤቷ መንፈስ አለበት ብላ በጋዜጣና በመጽሔት ስታስነግርለት የኖረችውን ቤት ሳያውቅ ለገዛ ሰው ፈርዶ ውሉን እንዲያፈርስ ፈቅዶለታል። ዳኞቹ መንፈስ መኖር አለመኖሩን አልመረመሩም፤ የተመለከቱት ወሬው የቤቱን ዋጋ የሚነካ መሆኑን ነው። በስታንሊ ሆቴል ይኸው ወሬ ክፍሉን ያስወድደዋል፤ በምሽት ሕንፃውን እያዞሩ የሚያስጎበኙ ሰዎችም ሥራ አግኝተውበታል። በኢትዮጵያ ከተሞች ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። «ያ ቤት ደግ አይደለም» የተባለ ቤት ተከራይ ያጣል፤ አዲስ የሚገባበትም ካህን ጠርቶ ጸበል ካላስረጨ፣ ቄጠማ ጎዝጉዞ ቡና ካላፈላ ልቡ አያርፍም።

ለአገራችን ነገር የሚቀርበው ምሳሌ አዲስ አበባ ውስጥ ይገኛል። ቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ የተሠራው፣ በኋላ ሜጋ አምፊቴአትር የተባለው አዳራሽ፣ ቀድሞ «ሰይጣን ቤት» ነበር የሚባለው። ስሙን ያመጣው ተንቀሳቃሽ ሥዕል ነው። በጨለማ ክፍል ውስጥ ከግድግዳ ላይ የሚሮጥ ፈረስና የሚስቅ ሰው ማየት ለዚያ ዘመን ተመልካች ከሰው ሥራ በላይ ሆኖ ታየው። ምሥጢሩ ያልተገለጠ መሣሪያ ያለበት ቤት ስም ወጣለት፤ ሲኒማ ምን እንደሆነ ሁሉም ካወቀ በኋላም ስሙ ለብዙ ዘመን አብሮት ኖረ።

በአገሪቱ ታሪካዊ ሆቴል ከተባለ ቀድሞ የሚጠራው ደግሞ ፒያሳ ያለው እቴጌ ጣይቱ ሆቴል ነው። በእቴጌ ጣይቱ ብጡል በ1898 ዓ.ም. የተመሠረተው ይህ ሆቴል የሚነገርለት ከመንፈስ ይልቅ በታሪኩ ነው፤ ታሪኩም ይበቃዋል። በዚያ ዘመን የመሸበት መንገደኛ «የእግዜር እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ» ብሎ ደጅ ይመታ ነበር እንጂ ለራትና ለመኝታ ገንዘብ መክፈል እንደ ነውር ይታይ ነበር። ሆቴሉ ሲከፈት ገበያተኛ እንዳልመጣ፣ አጤ ምኒልክም መኳንንቱን አስከትለው ገብተው በልተው ሒሳብ በመክፈል ሌላው እንዲለምድ እንዳደረጉ ይነገራል። አገር የሚያህል አዲስ ልማድ የተጀመረበት ቤት ነው። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. የተነሣው ቃጠሎ በግቢው የነበረውን ጃዝአምባ ላውንጅ አውድሞ በሆቴሉም ላይ ጉዳት ሲያደርስ የብዙ ሰው ሐዘን የመረረው ስለዚህ ነው። ሆቴሉ ከዚያ በኋላ አገልግሎቱን ቀጥሏል።

እንዲህ ባለ አሮጌ ቤት የሚያድር ሰው ሌሊት ብዙ ነገር ይሰማል። የእንጨት ወለልና ደረጃ ቀን ሙቀትና እርጥበት ይቀበላል፤ ማታ ሲበርድ ይኮማተራል። አንዱ ሳንቃ ከምስማሩ ሲላቀቅ ቋ ይላል፤ ቀጥሎ ጎረቤቱ፣ ቀጥሎ ሌላው። ቅዝቃዜው ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ሲሄድ ድምፁም በመስመር ስለሚከተለው ሰው እየተራመደ የሚመጣ ይመስላል። በቆርቆሮ ክዳን ሥር ያደገ ሰው ይህን ጠንቅቆ ያውቀዋል። በጉራጌ አገር እምድብር ላይ ቀን ፀሐይ ሲመታው የዋለ ቆርቆሮ አመሻሽ ላይ ይንጣጣል፤ ልጆች ይህን እየሰሙ ይተኛሉ፤ የሚደነግጥ የለም። ድምፁን በመንፈስ የሚተረጉመው ቤቱን የማያውቀው እንግዳ ነው።

በጉራጌ አገር ስለ መንፈስ ያለው የቆየ እሳቤ ከሆቴሉ ተረት በእጅጉ ይለያል፤ በጥሞናም ሊታይ ይገባዋል። አሜሪካዊው የአንትሮፖሎጂ ሊቅ ዊሊያም ሻክ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ቸሃ ውስጥ ተቀምጦ ያጠናውን እ.ኤ.አ. በ1966 በመጽሐፍ አሳትሟል። መጽሐፉ በሰፊው ከሚናገርላቸው ነገሮች አንዱ ከክርስትናና ከእስልምና ጎን ለጎን የኖረው የዋቅ፣ የቦዠና የደሟሚት እምነት ነው። ቦዠ የመብረቅ ኃይል ነው። ሌባንና ቤት አቃጣይን ይቀጣል ተብሎ ስለሚፈራ ንብረቱን በእሱ ስም ያስጠበቀ ሰው ተማምኖ ይተኛ ነበር። እንግዲህ እዚህ ያለው ኃይል ማንነቱ የታወቀ፣ አገልጋይ ያለው፣ ሥርዓትና በዓል የተወሰነለት፣ ሥራውም ቤትን መጠበቅ የሆነ ነው። በጎንደርም ቢሆን ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1932 የተከታተለው የዛር ሥርዓት እንዲሁ ነው፤ ዛሩ ስም አለው፣ የሚወደው ቀለም አለው፣ የሚጠይቀው ነገር ይታወቃል፤ የሚሰፍረውም በሰው ላይ ነው። አድባርም ማደሪያው ዛፍ ወይም ተራራ ነው። ስሙ የማይታወቅ የሞተ መንገደኛ በአንድ ክፍል ተወስኖ ለዘመናት ይመላለሳል የሚለው ታሪክ በዚህ ሁሉ መካከል ሰፊ ቦታ አላገኘም።

ለዚህ አንዱ ምክንያት የለቅሶ ሥርዓቱ ሊሆን ይችላል። ሰው ከአገሩ ርቆ ቢሞት እድሩ ይነጋገራል፣ ሬሳው ወደ ትውልድ ቦታው ይወሰዳል፣ ሰልስቱ ይወጣል፣ ተዝካሩ ይበላል። ሟች ከሕያዋን የሚለይበት መንገድ ደረጃ በደረጃ ተሠርቶለታል፤ የት እንዳረፈም ሁሉ ያውቃል። ኮሮናዶ ላይ በሐሰት ስም ተመዝግባ የሞተችው ወጣት እንዲህ ባለ ሥርዓት አልተሸኘችም።

የሚያድረው ሰው አካልስ? ከቤት ውጭ የመጀመሪያዋ ሌሊት እንቅልፍ እንደማትሰጥ መንገደኛ ሁሉ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ የብራውን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ምክንያቱን በመሣሪያ ለክተው አሳዩ። ሰው በማያውቀው ቦታ በመጀመሪያው ሌሊት ጥልቅ እንቅልፍ ሲወስደው የአንጎሉ ግራ ክፍል ከቀኙ ቀለል ብሎ ይተኛል፤ ለእንግዳ ድምፅም ፈጥኖ ይነቃል። በሌሎቹ ሌሊቶች ልዩነቱ ይጠፋል። በሌላ አነጋገር አንጎል በማያውቀው ቤት አንዱን ጎኑን ዘብ አቁሞ ያድራል። ለመስቀል ከአዲስ አበባ ወደ እምድብር የሚመጡ ልጆች በአያታቸው ትልቅ የሣር ቤት የመጀመሪያውን ሌሊት የሚያሳልፉት እንዲህ ነው። ምሰሶው በጨለማው ውስጥ ጎልቶ ይታያቸዋል፤ ከጋጣው በኩል ላም ታመሰኳለች፤ ከመንደሩ ሰፊ መንገድ ከጀፎረው ማዶ ጅብ ይጮኻል፤ ጅባው ላይ ደጋግመው ይገላበጣሉ። አያትየው ግን ሁሉንም ድምፅ በስሙ ስለምታውቀው እንቅልፏን ትተኛለች። በሁለተኛውና በሦስተኛው ሌሊት ልጆቹም ይተኛሉ።

ከዚህ የሚከብደው ዱካክ ነው። መንፈስ አለባቸው በሚባሉ ሆቴሎች እንግዶች ከሚናገሯቸው ታሪኮች አንዳንዶቹ ተመሳሳይ ናቸው። ሰውየው ነቅቷል፤ ክፍሉን ያያል፤ ከእግርጌው ወይም ከበሩ አጠገብ የቆመ ጥላ አለ፤ ጥላው መጥቶ ደረቱ ላይ ይጫነዋል፤ ልጩኽ ቢል ድምፁ አይወጣም። ሕልም በሚታይበት የእንቅልፍ ደረጃ አንጎል የእጅና የእግርን ጡንቻ ያስራል፤ ይህ የሚሆነው ሰው ሕልሙን ተነሥቶ እንዳይፈጽመው ነው። አንዳንዴ ንቃት ይቀድማል፣ ማሰሪያው ግን ሳይፈታ ይቆያል፤ የሕልሙ ምስልም ክፍት በሆነው ዓይን ፊት ይቀጥላል። ትንፋሽም በዚያ ደረጃ አጭር ስለሆነ ደረት የተጫነ ይመስላል። ነገሩ ከሰከንዶች እስከ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ይለቃል። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ የብዙ ጥናቶች ማጠቃለያ ከመቶ ሰው 8 ያህሉ በሕይወቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ እንደሚያጋጥመው፣ ከተማሪዎች መካከል ግን ቁጥሩ ከመቶ 28 እንደሚደርስ ያሳያል። እንቅልፍ ማጣት፣ የተዛባ የመኝታ ሰዓትና በጀርባ መተኛት ያባብሱታል። ረጅም መንገድ ተጉዞ፣ አምሽቶ ገብቶ፣ ወሬ ሰምቶ የተኛ የሆቴል እንግዳ ብዙዎቹን አሟልቶ ይገኛል። ያየው ሰው አይዋሽም። ፍርሃቱም እውነተኛ ነው፤ ሊቀለድበት አይገባም።

ከሕንፃው የሚመጣ ሌላ ምክንያት የፈለጉ ተመራማሪዎችም አሉ። እንግሊዛዊው ቪክ ታንዲ እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተመው ጽሑፍ፣ መንፈስ አለበት በተባለ ቤተ ሙከራ ውስጥ ሲሠራ ብርድ ብርድ ማለቱንና በዓይኑ ጥግ ግራጫ ነገር ማየቱን፣ መንሥኤውም ጆሮ የማይሰማው የአየር ማስወጫ ማራገቢያ ንዝረት መሆኑን ገለጸ። ማራገቢያው ሲስተካከል ነገሩ ጠፋ። ይህ ማብራሪያ ብዙ ሰው ቢማርክም ከዚያ ወዲህ የተደረገው ፈተና አልደገፈውም። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ የለንደን ጥናት 79 ሰዎችን አንድ በአንድ በተለየ ክፍል ውስጥ ለ50 ደቂቃ አስቀመጠ። ለአንዳንዱ የማይሰማ ንዝረት፣ ለአንዳንዱ የመግነጢስ ኃይል ተለቀቀ፤ ለአንዳንዱ ምንም አልተለቀቀም። ሁሉም ግን እንግዳ ስሜት ሊሰማቸው እንደሚችል አስቀድሞ ተነግሯቸው ነበር። ብዙዎቹ ተሰማን አሉ፤ የተሰማቸው ነገር ግን ከተለቀቀው ንዝረት ወይም መግነጢስ ጋር አልተገናኘም። ይበልጥ አሳማኝ ሆኖ የቀረው ምክንያት ቀድሞ የተነገራቸው ቃል ነው፤ በሆቴሉ በር ላይ ለእንግዳው የሚነገረውም ይኸው ቃል ነው።

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚሻው ግን መርዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1921 አሜሪካዊው የዓይን ሐኪም ዊሊያም ዊልመር የአንድ ቤተሰብን ታሪክ በሕክምና መጽሔት አሳተመ። ቤተሰቡ ትልቅ አሮጌ ቤት ከገባ በኋላ ሌሊት ኮቴ ይሰማ፣ ከአልጋው ግርጌ ሰው ቆሞ ይታየው፣ ጠዋት ራሱን እያመመው ይነሣ ጀመር። ልጆቹ ገረጡ፤ በቤት ያሉ አበቦችም ደረቁ። በመጨረሻ የቤቱ ማሞቂያ ምድጃ ሲመረመር ተበላሽቶ ጭሱን ወደ መኝታ ክፍሎቹ ይለቅ ነበር። ምድጃው ሲጠገን ኮቴውም ሰውየውም ጠፉ። ያፈናቸው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነበር።

ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ የሚወጣውም እንደ ከሰልና እንጨት ያለ ነዳጅ በደንብ ሳይነድ ሲቀር ነው። በክረምት ብርድ በእምድብርም ሆነ በወልቂጤ ወይም በቡታጅራ ከሰል አቀጣጥሎ በተዘጋ ክፍል የሚያሞቅ ሰው ዊልመር ታሪኩን ከጻፈለት ቤተሰብ ጋር አንድ አደጋ ላይ ነው። ከሰሉ ጭሱን ጨርሶ ሲቀላ ደኅና ይመስላል፤ ጋዙን መልቀቁን ግን አያቆምም። ራስ ምታት፣ ማጥወልወል፣ የጉልበት መክዳትና የሌለ ነገር ማየት ወይም መስማት ምልክቶቹ ናቸው፤ በአንድ ክፍል ያደሩ ሁሉ አብረው ከታመሙ ጥርጣሬው ይጠነክራል። እንዲህ ሲሆን ወዲያው በርና መስኮት ተከፍቶ ሰዎቹ ወደ ውጭ ይወጣሉ፤ ከሰሉ ወደ ደጅ ይወሰዳል፤ ራሱን የሳተ ወይም ግራ የተጋባ ሰው በአስቸኳይ ወደ ጤና ተቋም ይወሰዳል።